በምርጊት የተቀበረው ዘር

ሀጀራ በወንዙ ዳር የምታበቅለው ቲማቲም እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ፣ ቆዳው ስስ፣ መልኩም ወደ ጥቁረት የሚያደላ ቀይ ነው። ዳገቱን ወጥቶ መካነ ሰላም ገበያ ሳይደርስ ይፈርጣል። ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ጠብታ ውሃ አይሻም፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ በእጇ ጨፍልቃ ትጨምረውና የራሱ ጭማቂ እስኪመጥ ታማስለዋለች። በረመዳን ለማፍጠሪያ በቅቤ፣ በሁዳዴ ደግሞ ለጎረቤቷ ለብዙዬ በዘይት ትሠራዋለች። ዘሩ የእናቷ ነው፤ ከእሷ ጓሮ በቀር የትም የለም።

ለዘር ያማረውን ፍሬ ከአመድ ጋር ለውሳ፣ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ጭሱ ተባይ ያርቅለታል። ዘር የሚያድርበት ቦታ ዓይን እንዳይገባው ለጎረቤት እንኳ አይነገርም።

ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በኋላ፣ በአንዱ ዓመት፣ ለቀበሌው እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ሊቀመንበሩ ደሳለው በመንገዳቸው ያለ ማድቤት ሁሉ ከውስጥም ከውጭም ተመርጎ በነጭ አፈር እንዲለቀለቅ አዘዘ፤ ያላደረገ ሰው የመስኖ ተራው ይዘለላል አለ። ሰውና ከብት ከአንድ ወንዝ እየጠጡ ምንጭ ይጎልብት አላለም። ጭስ የሴቶችን ዓይን እያጠፋ የጭስ መውጫ ይሠራ አላለም። እንግዳ የሚያየው ግድግዳውን ነበርና ትእዛዙም ከግድግዳው አላለፈም።

ሀጀራ አቀስታ ለቅሶ ደርሳ የተመለሰችው በዋዜማው ነው። ማድቤቷ ነጭ ሆኖ ጠበቃት።

«እንዳይቀጡሽ ብለን ሴቶቹ ተሰብስበን ጨረስንልሽ» አለቻት ብዙዬ። «ሙሽራ አስመሰልነው።»

«ከምድጃው በላይ የነበረውስ?»

«ያ አመዳም ቆሻሻ? አልላቀቅ ሲለን በላዩ መረግነው።»

«ዘሬ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስታበይኝ ደበቅሽኝ?»

«ዓይንሽን ፈርቼ።»

«ዓይኔንማ ጭስሽ ጨርሶታል።»

ምርጊቱ እርጥብ ነው፤ ዘሩ እዚያው ካደረ ይበሰብሳል። ከፈረሰ ደግሞ ውሃዋ ይቀራል። ሀጀራ ግድግዳውን ጥቂት አየችውና መኮትኮቻዋን አነሣች። ብዙዬ ሰፌድ ይዛ ከሥር ቆመች።

ደሳለው ሲደርስ ግድግዳው ተገሽልጦ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ደኅናውን ግድግዳ ታፈርሻለሽ?»

«ቲማቲሜ ውስጡ ነው።»

«ምርጥ ዘር ሰጥተንሽ የለም?»

«የእሱንማ ፍሬ አበሰልኩት፣ ደሳለው። ውሃ ጨምሬ።»

በማግስቱ የሀጀራ ደጅ በትእዛዝ ተዘጋ። እንግዶቹ የቀሩትን ግድግዳዎች አመስግነው ሄዱ፤ አንዳቸውም ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚበስል አልጠየቀም። የሀጀራ የመስኖ ተራ በጋውን በሙሉ ተዘለለ። አንዲት ሴት የራሷን ግድግዳ ስለፋቀች ውሃ የተነፈገችበትን ሕግ ደሳለው እንዲያሳይ ያኔ የጠየቀው አልነበረም፤ ከዚያም ወዲህ የለም።

ሀጀራ ጭቃውን ፈርፍራ ዘራችው፣ በጀሪካንም ከወንዝ እየቀዳች አጠጣችው። አብዛኛው በስብሶ ቀረ። ከበቀሉት ጥቂቶች መካከል ለፍሬ የበቃው አንድ እግር ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ፍሬ ሲቀላ ብዙዬን ጠራቻት። ከአመድ ጋር ለወሰችውና ግማሹን ከምድጃዋ በላይ ለጠፈች፤ ግማሹን በብዙዬ መዳፍ ላይ አኖረች።

«ከምድጃሽ በላይ፣ ጭሱ በሚያገኘው በኩል» አለቻት።

«ድስቱስ?»

«ለከርሞ።»