በጠራራ ፀሐይ የተነገረው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ በጠራራ ፀሐይ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ደን መግቢያ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠና «ተረት ተረት» አለ። መጥረቢያ የተሸከመው ጎረቤት ሁሉ ሳያስበው «የላም በረት» ብሎ መለሰ። መልሶም ደነገጠ።

በኛ ሰፈር ተረት ከመሸ ነው። ያኔ፣ ማታ ማታ፣ ኩራዙ ጥቀርሻ እየተፋ፣ የጥድ ጭራሮው ፍሙ ላይ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን አያቴ ያወራል፣ እኛ እንሰማለን። ሕጉ አንድ ነበር፤ «የላም በረት» ብሎ የመለሰ ሰው ተረቱ ሳያልቅ አይነሳም። ተረቱን ረግጦ የሄደ መንገድ ይጠፋበታል ይባላል። ትልቁም ትንሹም ይፈራው ነበር። ስለዚህ ያን ቀንም ሰዉ መጥረቢያውን አስቀምጦ ተቀመጠ።

ወደው አልነበረም የመጡት። ከደኑ ጀርባ የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነው፣ የጭነት መኪና ማለፊያ ያስፈልጋል ተባለና፣ ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ይውጣ አለ። የቀረ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ደኑ የማንም አልነበረም፤ የሁላችንም ነበር። ሰፈሩ የሚጠጣው ከጥዱና ከኮሶው ሥር ከሚወጣው ምንጭ ነው። እኛ ልጆች የወደቀ እንጨት እንለቅማለን እንጂ እርጥብ ቅርንጫፍ ከሰበርን ያገኘን ሁሉ ይገርፈን ነበር። እንግዲህ ለቅርንጫፍ የገረፉንን ሰዎች ነው ግንዱን ቁረጡ ያሏቸው።

አያቴ ቀጠለ። አንድ ጅብ የዱር ዳኛ ሆኖ ተሾመና ዛፎቹን ከሰሰ አለ።

«ምን አድርገው?» አለች ጎረቤታችን እትዬ አስካለ።

«ጥላ ደብቃችኋል ብሎ ነዋ። ጥላው ለእንስሳት ይከፋፈል ብሎ ፈረደ። ዛፎቹ ወደቁ፤ ጥላው ቢፈለግ፣ ቢፈለግ የለም። ይሄኔ ጅቡ፣ ጥላውን የበላችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ እንስሳቱን አሰረ።»

ሰዉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እየተጣደፈ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ ጅብ ማን ነው?»

«ጅብ ነዋ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ጅብ አያውቁም እንዴ?»

«ይሄ ቅስቀሳ ነው። በሉ ተነሱ ሁላችሁም።»

«ተረቱ ሳያልቅ?» አለች እትዬ አስካለ። «መንገድ ቢጠፋብን ቤታችን እርስዎ ያደርሱናል?»

ማንም አልተነሳም። አያቴ ጅቡን ከዝንጀሮ፣ ዝንጀሮውን ከቀበሮ እያጣላ ፀሐይ እስክትጠልቅ አወራ። አንድ ዛፍ አልወደቀም።

በማግስቱ ሰው አልጠሩም። ዶዘር አመጡ። ዶዘር ተረት አይሰማም። አያቴን ገና ሳይነጋጋ ወስደው ቀበሌ አስረውት ነበር። ሲፈታ ደኑ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ቀይ አፈር ሆኗል፤ ምንጩ ጭቃ ሆኗል። እናቶቻችን ለአንድ እንስራ ውኃ ሸለቆ ወረዱ። ግንዱ በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ ወዴት ብሎ የጠየቀ የለም። ክረምት ሲገባ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በተራቆተው መሬት ላይ ባሕር ዛፍ አስተከሉንና ደን አለማን ብለው አጨበጨቡ። እኛንም አስጨበጨቡን።

እኔ ብዙ አልናገርም። ይሄ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። እግዜር የተከለውን ነቅሎ፣ ምንጭ አደፍርሶ፣ በላዩ ችግኝ ሰክቶ አለማሁ የሚል ሰው እንዴት አያፍርም? ያኔም አላፈረም። ዛሬም መንገድ ሊቀድ ወደ ተራራው የሚያንጋጥጥ አያፍርም። ልማት ይለዋል። ጫካ ባዶ መሬት ነው ያለው ማነው?

ከተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረኝ አያቴ ሊሞት ሰሞን ያለኝ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝ፤ የዚያ ቀኑን ተረት ለልጆች አወራላቸዋለሁ አልኩት። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«እኔ ዘመኑ አፌን ስለያዘኝ ነው በጅብ የሸፈንኩት» አለኝ። «ጅብ ዛፍ ቆርጦ አያውቅም፣ ልጄ። አንተ ስታወራ ሰው በል።»