ከአዝመራ በኋላ ያልተመለሰ ድምፅ

በእኛ አገር ማሽላው እህል መቋጠር ሲጀምር የሰው ሁሉ ድምፅ ይጎረንናል። ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እየወነጨፈና እየጮኸ ወፍ ሲያባርር የሰነበተ ገበሬ ቆቦ ገበያ ወርዶ በሹክሹክታ ቢከራከር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እንዲያውም ድምፁ ጥርት ያለ ሰው ካጋጠመን፣ ማሳህን ለወፍ ለቀህ ተኛህ ወይ ብለን እናሾፍበታለን።

የእህቴ የወሰንየለሽ ባል ጋሹም ሮቢት አጠገብ ያለውን ማሳውን ሲጠብቅ እንዲሁ ጎረነነ። ማሽላው ታጭዶ ተወቃ፤ የሁላችንም ድምፅ ተመለሰ፤ የእሱ ግን ቀረ። የአውድማው አቧራ ነው አለ። እህቴ ማርና ሎሚ አጠጣችው። ሕመም የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ማን ይጠርጥር?

ሰመራ የምትሠራው ልጃቸው መቅደስ ለፋሲካ ደወለች። ብዙውን ጊዜ የምታወራው ከእናቷ ጋር ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ስልኩን ያነሳው ጋሹ ነው። እንዴት ሰነበትሽ ልጄ አላት። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለነበር መልሷን ሁላችንም ሰማን።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አባባን ያቀርቡልኛል?»

ክው አልን። እኛ በየቀኑ ስለምንሰማው ምን ያህል እንደተለወጠ አላስተዋልንም ነበር። ጋሹ ስልኩን ለሚስቱ ሰጥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ቆቦ ሄድን፤ ከዚያ ወደ ደሴ ተላክን። ሐኪሟ ጉሮሮውን በቀጭን ካሜራ አይታ፣ ድምፅ በሚወጣበት ማንቁርቱ ላይ ካንሰር እንዳለ ነገረችን። ድምፅ ጎርንኖ ሦስት ሳምንት ካለፈው መታየት ነበረበት አለች፤ ያኔ ቢመጣ ድምፁንም ማትረፍ ይቻል ነበር። አሁን ማንቁርቱ ካልወጣ አይተርፍም። ከወጣ ደግሞ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ እንደ ድሮው አይናገርም። በጉርናኔ ሰው ይሞታል? ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሹ ወደ ሐኪሟ ቀና ብሎ፣

«ልኑር» አለ።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ተርፎ ተመለሰ። ዝምታውን ቀስ በቀስ ለመድነው፤ እሱም በእጁና በዓይኑ ማስረዳት ያዘ። አንድ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን፣ ከእንግዲህ በክርክር እህቴን የሚችላት ጠፋ አልኩት። አፉን ከፈተ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከአንገቱ ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ሽው ሽው አለ። ታፈነ ብዬ ዘልዬ ተነሣሁና እህቴን ጠራኋት።

እየሳቀ ነበር። ንግግሩ እንደሚቀር ተነግሮናል፤ ሳቁም አብሮ እንደሚሄድ ግን ማናችንም አላሰብንም። እሱም ያወቀው ገና ያን ጊዜ ነው፤ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።