ጋቢና ውስጥ አንቱ የለም

ሳልህ ሙቅቢል ቡሬ ሲገባ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከየመን ተራራ ወርዶ ኤደን ወደብ ላይ ሦስት ዓመት ጆንያ ተሸክሟል፤ እዚያው የወደቡን የጭነት መኪና መንዳት ለምዷል። ከዚያ በጅቡቲ አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ጨርቅ ነጋዴ አጎቱ ወደሚኖሩበት ቡሬ መጣ። አጎትየው ልጅ ስላልነበራቸው ሱቁን ሊያወርሱት ነበር የጠሩት። ሳልህ ግን ስድስት ወር ሳይሞላው ክንዱን ዘርግቶ አሳያቸውና፣ «እኔ በዚህ ጨርቅ ስለካበት አላረጅም፤ መኪና ነጂ ነኝ» አላቸው።

አጎቱ ሳቁበት። «የውጭ ዜጋ ነህ። ፊደል አትቆጥር፣ ወንዝ የሚያሻግር አማርኛ የለህ። መንጃ ፈቃድ ማን ይሰጥሃል?»

«ፊደሉን እቆጥራለሁ። አማርኛውንም እችላለሁ።»

ይህ በ1954 ዓ.ም. ነው። ነገሩን ከራሱም፣ ከወይዘሮ አልጣሽም፣ ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱ የሚለያዩት በጥቂት ነገር ብቻ ነው።

ወይዘሮ አልጣሽ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የበርበሬ ንግዱን ራሳቸው የያዙ የቡሬ ሴት ነበሩ። አንድ ፊያት የጭነት መኪና፣ ያ አገሩ ሁሉ ኤንትሬ የሚለው፣ አላቸው። ሾፌራቸው ክንፈሚካኤል ይባላሉ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጣልያን ጊዜ መሪ የጨበጡ፣ በአባይ በረሃ ቁልቁለት ስማቸው የሚጠራ ሰው ናቸው። ሳልህ በረዳትነት የተቀጠረው እሳቸው ዘንድ ነው። ጎማ ይፈታል፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር የሚጣለውን ታኮ ይዞ ይሮጣል፣ ዝናብ ሲያስገመግም ሸራ ያለብሳል። ሥራ በሌለበት ቀን ደግሞ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ደጃፍ ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እስላም ማስተማራቸውን የነቀፈ ሰው ቢመጣ፣ «ሀ ግዕዝ የክርስቲያን ብቻ መሆኑን ከየት አገኘኸው?» ይሉት ነበር።

አማርኛው ግን መጀመሪያ ላይ አሳፈረው። ገበያ የተማረው ቋንቋ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌ ቄስ «አንተ፣ ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ ቢጠይቃቸው መንገዱ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ወይዘሮ አልጣሽ ግን አልሳቁም። ጠርተው፣ «ስማ፣ ሳልህ። እዚህ ጎጃም ሰው የሚመዘነው በአፉ ነው። ካንተ የበለጠን ሁሉ አንቱ በል። ሰው የምትሆነው ያኔ ነው» አሉት።

እሱም ነገር ከያዘ አይለቅም። ከዚያ ቀን ወዲያ አንቱ ማለትን እንደ ሃይማኖት ያዘው። ቡሬ ውስጥ ከሱ የበለጠ ትሑት አልተገኘም። «ለበቅሎ እንኳ ይቁሙ ይላል» እያሉ ያሙት ነበር። ክንፈሚካኤልን ደግሞ፣ መቼም ጌታው ናቸው፣ ያለ አንቱ አንድ ቃል አይናገራቸውም።

እንግዲህ በሰኔ 1956 የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ እስከዚያ በመንገዱ ግራ ይነዳ የነበረው መኪና ሁሉ ወደ ቀኝ ተሻገረ። የወይዘሮ አልጣሽ ፊያት ግን መሪው በቀኝ በኩል ነው። ይህ ማለት ሾፌሩ በቦዩ በኩል ተቀምጦ ይነዳል፤ ከፊቱ ያለውን መኪና ማለፍ ቢፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን ማየት አይችልም። የሚያየው በግራ የተቀመጠው ረዳት ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣና መንገዱ ባዶ ከሆነ እለፍ ይላል፤ የሚመጣ ካለ አትለፍ ይላል። ሾፌሩም የረዳቱን ቃል አምኖ መሪውን ይጠመዝዛል።

በታኅሣሥ 1957፣ የበርበሬው ወቅት ነው፣ ጆንያ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደምበጫ ሳይደርሱ አንድ አውቶቡስ አቧራውን እያለበሳቸው ከፊታቸው ይዘግማል። ክንፈሚካኤል ተናደዱ። «እይልኝ!» አሉ። ሳልህ አንገቱን አወጣ፤ ከወዲያ ላንድሮቨር ይመጣል።

«አይለፉ!» ብሎ ጮኸ።

ሞተሩ ያጓራል፣ ጋቢናው ይንቀጠቀጣል። ክንፈሚካኤል የሰሙት «ይለፉ» ነው። ሊያልፉ ወደ ግራ ወጡ።

ላንድሮቨሩ ፊታቸው ድቅን ሲል ከአውቶቡሱ ኋላ መልሰው ወደ ቀኝ ጠመዘዙና ኤንትሬው ቦዩ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። የክንፈሚካኤል ግራ ክንድ ግን ተሰበረ። ጆንያው ፈነዳ። ከማሳው የሮጠው ገበሬ መኪናውን ሊያቃና ትከሻውን ሲሰጥ የበርበሬው ብናኝ አፍንጫው ይገባል፤ ሃያ ሰው ባንድ ላይ ያነጥሳል። ሳልህም ግንባሩ እየደማ፣ ላስነጠሰው ሁሉ፣ «ይማርዎ! ይማርዎ!» ይል ነበር አሉ። ይህን የነገረኝ ገበሬ እስከ ዛሬ ሲያወራው ሆዱን ይይዛል።

ለሳልህ ግን ሳቅ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ለመንጃ ፈቃድ ሲያመለክት አንድ ጸሐፊ፣ የውጭ ዜጋ ስለሆነ ጠባዩንና ሥራውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ቀርቦ እንዲመሰክርለት ነግሮት ነበር። ይመሰክሩልኛል ያላቸው ክንፈሚካኤል ናቸው። ክንፈሚካኤል ደግሞ ክንዳቸው በቀርከሃ ስንጥር ታስሮ ቡሬ ተኝተው፣ ለጠያቂው ሁሉ፣ «ዓረቡ ይለፉ ብሎ ከገደል ሊከተኝ! እኔ በሕይወት እያለሁ መሪ አይነካም» ይላሉ።

አጎቱም፣ «ሱቁ ክፍት ነው፤ ተመለስ» አሉት።

«አልመለስም። ያልኩትን አውቃለሁ። ይጠየቅልኝ» አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የተቀመጠውም ወይዘሮ አልጣሽ ግቢ፣ በርበሬው በሰሌን ላይ ከተሰጣበት አጠገብ ነው። ዳኛው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። መኪናው ተጠግኖ እዚያው ቆሟል።

«ይለፉ አለኝ» አሉ ክንፈሚካኤል።

«አይለፉ ነው ያልኩት» አለ ሳልህ።

«ታዲያ አ-ዋን ማን በላት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። ከአፌ ወጥታለች።»

ወይዘሮ አልጣሽ ጣልቃ ገቡ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ታዲያ ማናችሁ ናችሁ የቀደዳችሁት? የኔ ጆንያ ነው የተቀደደው።»

መሪጌታ በቅኔ ቤት አንዲት ፊደል ብትላላ ከሩቅ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ተነሡ፣ ኩታቸውን ሰበሰቡና ጋቢናው ላይ ወጥተው በሾፌሩ ቦታ ተቀመጡ። «ሞተሩን አስነሡልኝ» አሉ። ሳልህ አስነሣውና በግራ ተቀመጠ። «በል አሁን አንገትህን አውጣና ያንን ቃል አንዴ ይለፉ፣ አንዴ አይለፉ እያልህ እንደ ፈቀደህ ጥራ። እኔ የሰማሁትን እናገራለሁ።»

ሳልህ በመስኮቱ ሥር የቆሙት እየሰሙት ጠራ። መሪጌታ፣ «ይለፉ!» አሉ። ስሕተት። ደግሞ ጠራ። «ይለፉ!» ስሕተት። ከአሥሩ ስድስቱን ሳቱ። ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ሳቁን ለቀቀው።

«አሁን ደግሞ አንተ በለኝ» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎን? አላደርገውም።»

«አዝዤሃለሁ!»

ሳልህ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እለፍ!» አለ፤ «አትለፍ! አትለፍ! እለፍ!» መሪጌታ አንዱንም አልሳቱም። ወርደውም፣ «ልጁ እውነቱን ነው። ክንፈሚካኤልም እውነታቸውን ነው። ትሕትናው ነው ያጋደማቸው። አትለፍ ሲል ት ምሰሶ ሆና ትቆማለች። አይለፉ ሲል አ-ን ሞተሩ ይውጣታል» አሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ! ለካ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንቱ በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ክንፈሚካኤል ግን ገና አልበረደላቸውም። «እና ምን ይሁን ነው የምትሉት? በስተርጅናዬ ረዳት፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ረዳት፣ አንተ ይበለኝ? አገር ምን ይለኛል?»

«ክንፈሚካኤል፣ ዛሬ ጠዋት ጸልየዋል?» አሉ መሪጌታ።

«ጸልያለሁ እንጂ።»

«እንዴት ብለው?»

«እንዴት ብዬ! አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር…»

«የምትኖር? ወይስ የሚኖሩ?»

«የምትኖር ነዋ!» አሉ ክንፈሚካኤል።

«ፈጣሪን አንተ ብለን እንለምናለን። እሱ ሳይቀየም እርስዎ ሊቀየሙ ነው?»

ሰው ሁሉ ክንፈሚካኤልን አየ። እሳቸው የታሰረ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ደገፍ አድርገው፣ «ጋቢና ውስጥ ብቻ» አሉ። «በሩ ሲከፈት አንቱ ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ይዞ እጅ ነሥቶ ይሄድ ነበር። ሳልህ አልሄደም። ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ይህ ለረዳትነቴ ነው። እኔ ግን ረዳት ሆኜ ልቀር አልመጣሁም። ምስክርነትዎን እፈልጋለሁ» አለ።

«አያችሁ ድፍረቱን! ክንዴ ሳይድን?»

«ክንድዎ እስኪድን በርበሬውን ማን ይጭናል?»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ አልጣሽ ሾፌራቸውን ቀና ብለው አዩአቸው። ክንፈሚካኤልም ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሳልህ በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ወረደ። መኪናውን ከዳንግላ የተለመነ ሾፌር ነድቶ አደረሰለትና በአውቶቡስ ተመለሰ። ምስክር ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ብቻ ፊደሉን ቆጥሮ፣ የመንገዱን ሕግ በቃሉ ይዞ ሄደ። «ባይሆንልኝ በወሩ ሄጄ ደግሜ እፈተናለሁ፤ በወሩም ባይሆን በዓመቱ» ብሎ ነበር ለአጎቱ። የመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ክንፈሚካኤል ክንዳቸውን በነጠላ አንግተው ግንቡን ተደግፈው አገኛቸው። ማታውኑ በአውቶቡስ ገብተው ኖሯል።

ጸሐፊው ስሙንና ዜግነቱን ጻፈ። «የመን። አገርህ መኪና የለም እንዴ፣ እዚህ ድረስ ለመንዳት የመጣኸው?»

«በእኛ ተራራ ግመል እንጂ መኪና የሚወጣበት መንገድ አልነበረም፣ ጌታዬ። እዚህ መንገድም አለ፣ ጭነትም አለ።»

«ምስክርህስ?»

ክንፈሚካኤል ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። «ይህ ሰው» አሉ፣ «ክንዴን ያሰበረኝ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

«የሚመጣ መኪና አይቶ ነግሮኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቷል፤ ያላየውን አየሁ ብሎ አያውቅም። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከፈለግህ ቡሬ ሂድና ጠይቅ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ክንፈሚካኤል ባልተሰበረው እጃቸው ፈረሙ።

ፈተናው ሦስተኛው ቀን ላይ ሆነ። ፈታኙ ዳገት መሐል አስቁሞ አስነሣው፤ ወደ ኋላ በጠባብ አስገባው፤ ስለ መንገድ ሕግ ጠየቀው። አንዷን ጥያቄ ስቷል፤ የቱን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይነግረኝም። ፈቃዱን ግን ተቀበለ፤ በላዩም ዜግነቱ የመን ተብሎ ተጽፏል።

ሲመለሱ መሪውን ሳልህ ያዘ። ክንፈሚካኤል በግራ ተቀመጡ። እስከ ደምበጫ አፋቸው አላረፈም። «ማርሹን አታስጩኸው! ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ይያዝልህ እንጂ! ፍሬኑን አትጨርሰው!» ይላሉ። ከደምበጫ ወዲህ ነቀፌታው ቀነሰ። ጅጋ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እንዲያ ነው» አሉ። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሰላሳ ዓመት መሪ የጨበጡ ሰው፣ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ተኝተው አያውቁም ነበር።

ከፍኖተ ሰላም መውጫ ላይ አንድ አውቶቡስ ከፊቱ ገባ። ገበሬ እጁን ባነሣ ቁጥር እየቆመ ይዘግማል። ሳልህ ከመሪው በኩል ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያይለት ሰው ተኝቷል። ሊቀሰቅሳቸው ልቡ አልፈቀደም፣ ሳያይም አያልፍም። አውቶቡሱ ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። ከኋላ ወንበር ያሉት ተሳፋሪዎች በእጃቸው እያውለበለቡ፣ «እለፍ እንጂ አንተ ሰውዬ! ምን ትጠብቃለህ?» ይሉታል። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ማንኩሳንም እንዲሁ በአቧራው ውስጥ አለፈ።

ቡሬ ሲገቡ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። ወይዘሮ አልጣሽ፣ መሪጌታና አጎቱ ቆመው ይጠብቃሉ። ከጋቢናው የወረደው ሳልህ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ቀይ አቧራ ነው።

«ምነው ልጄ፣ በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉ አጎቱ።

ሳልህ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አቧራውን አራገፈና ሰጣቸው። ከዚያ ዞሮ የግራውን በር ከፈተ።

«ደርሰናል፣ ጋሼ። ይውረዱ» አለ።