ሦስተኛው ግብዣ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ እዚህ አሜሪካ፣ ዲኤፍደብሊው በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ የማታ ሺፍት ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቆየው ጎረቤታችን ጋሽ መርዕድ ዘንድ ነበር። የምንኖረው ጋርላንድ ከተማ፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ጋሽ መርዕድ ጠዋት ጠዋት መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአንድ የብሉዝ ሙዚቃ ባንድ ጋር አርሞኒካ ይነፋሉ። አርሞኒካ የለመዱት በስደት ሱዳን ሳሉ፣ ከሬዲዮ የሰሙትን ሁሉ እያስመሰሉ እንደሆነ ነግረውኛል። ይህን የሚያረጋግጥልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ያኔ በሙቀቱ ወራት ግቢው ውስጥ ባለው የጋራ መጥበሻ ላይ ዶሮ እንጠብስ ነበር። ሥጋው ተነሥቶ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ የእሳት እራቶች በደረጃው አምፖል ዙሪያ መሽከርከር ሲጀምሩ፣ ጋሽ መርዕድ አርሞኒካቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ አውጥተው መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኛል። ብረቱ ከቀዘቀዘ ድምፁ ይሰንፋል ስለሚሉ ማሞቁ የእኔ ሥራ ነበር። እስኪሞቅ ድረስ ያወራሉ። በወሬያቸው ውስጥ ጅብም ንጉሥም የለም፤ ሁሌም ስለ ባንዱ ነው።

ከእነዚያ ምሽቶች አንዱን አልረሳም። የዚያን ቀን መምህራችን ለክፍሉ ጋዜጣ እንድጽፍ ከሁሉ በፊት እኔን ጠይቃኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ «ሌሎቹ ይቅደሙ» አልኳት። ፈልጌው ነበር፤ እሺ ለማለት ግን ገና አንዴ ነው የተጠየቅኩት። መምህሯ ግን «ኦኬ» ብላ ዕድሉን አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጠች። ማታ ይህን ለጋሽ መርዕድ ስነግራቸው በሣቅ ተንከተከቱ።

«ኦኬ ብላ ሄደች?»

«ኦኬ ብላ ሄደች።»

«አይ አሜሪካ! ስሚ እንግዲህ፣ እኔን ያገኘኝን ልንገርሽ።»

ኧርል የሚባለው ጊታር ተጫዋች፣ የባንዱ መሪ፣ አርሞኒካ ነፊው ከተማ ቀይሮበት ምትክ ይፈልግ ነበር። ጋሽ መርዕድን ባንዱ እሑድ እሑድ ወደሚጫወትበት ጥብስ ቤት መጥተው እንዲሞከሩ ጠራቸው። በብሉዝ ዜማው ዞሮ ዞሮ ይመለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር መሪው አንዱን ተጫዋች ይጠቅሰዋል፤ የተጠቀሰው ብቻውን ይጫወታል። ኧርል ጋሽ መርዕድን ጠቀሳቸው።

«አጠገቤ ፒያኖው ላይ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ አዛውንት ተቀምጠዋል። እንዴት ብዬ ልቅደማቸው? እጄን ዘርግቼ፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ አልኩ። ዙሩ ባዶውን አለፈ። ደግሞ ጠቀሰኝ። ኧረ በሞቴ እርስዎ! አሁንም ከበሮ ብቻ። ጥብሱን የሚበላው ሰው ሁሉ ማላመጡን ትቶ እኔን ያያል።»

«ከዚያስ?»

«በሦስተኛው ሲጠቅሰኝ፣ በቃ፣ ደንቡ ደርሷል ብዬ ገባሁ። ቤቱ ብድግ አለ! ጨዋ ሰው ሦስቴ ይለመናል፣ ልጄ።»

«ቲቸሯም ሦስቴ ትጠይቀኛለች?»

«ለምን አትጠይቅሽም? ጠብቂያ።»

ጠበቅኩ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጠበቅኩ። ሳትጠይቀኝ ዓመቱ አለቀ። ለጋሽ መርዕድ አልነገርኳቸውም፤ ከዚያ በኋላ ግን አርሞኒካውን ሳሞቅላቸው እንደ በፊቱ «ከዚያስ?» ማለት ተውኩ።

ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ስለ አካባቢው የቆዩ ባንዶች ልጽፍ ኧርልን ሌዊስቪል ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። ሰማንያ አልፎታል፤ ትውስታው ግን ከብዙ ወጣቶች ይሻላል። ስለዚያ እሑድ የጠየቅኩት ለማሟያ ያህል ነበር።

«ሦስቴ?» አለኝ። «ሁለቴ ነው የጠቀስኩት። አርሞኒካው የተበላሸበት መስሎኝ አመስግኜ ሸኘሁት፤ ቦታውንም ፎርት ዎርዝ ላለ ሰው ቃል ገባሁ። በሳምንቱ ዕቃ ሳናወርድ የአውቶቡስ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ባለፈው አጥፍቻለሁ፣ ልጫወት አለኝ። ሰው ይዣለሁ አልኩት። ሰውየው እስኪመጣ ልጫወት አለ።»

«ሰውየውስ?»

«መጣ። ሰማው። ጥብሱን በልቶ ሄደ።»

ከመኪናዬ ሆኜ ለጋሽ መርዕድ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ግብዣ አልነበረም አሉ?»

«ማነው ያለው?»

«ኧርል።»

«እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም!» አሉ። «ሶ፣ ለልጅ ምን ልበል? ሄጄ ለመንኩ ልበል?»

«እኔ እኮ ያንን ሰምቼ ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ።»

«ምኑን?»

ረስተውታል። የመምህሯን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

«ውይ፣ ልጄን» አሉ። «እሑድ ነይ።»

ሄድኩ። ጥብስ ቤቱ ያው ነው፤ ጭሱ ልብስ ላይ ይቀራል። ኧርል አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚጫወተው። ጠቅሷቸው ሳይጨርስ ጋሽ መርዕድ ገብተው ነበር። በእረፍት ሰዓት ጓሮ፣ የጥብሱ ፍም አጠገብ ተቀመጥን፤ አርሞኒካውን እንደ ድሮው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና ያን ጊዜ ከወሬያቸው ያስቀሩትን ሳምንት አወሩልኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ መንገደኞቹን ተርሚናል አራግፈው ባዶ አውቶቡስ እየነዱ ሲመለሱ፣ በእንግሊዝኛ «ልጫወት» ማለትን ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር። ሰው የተሳፈረ እንደሆነ ዝም ይላሉ፤ ሲወርድ እንደገና ይጀምራሉ።

«በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ናት» አሉኝ። «ሳምንት ፈጀችብኝ።»

በሥራዬ ምስክር የሌለውን ነገር አልጽፍም። ለዚህኛው ምስክር የለም፤ አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ከሰማሁት ሁሉ ግን አብሮኝ የቀረው ይህ ነው። አምኛቸዋለሁ።