ያልተለኮሰች ሲጋራ

ሲጋራ የጀመርኩት ለማረፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። አዳማ ውስጥ የምሠራበት ዱቄት ፋብሪካ እሳት የሚባል ነገር አያስገባም፤ ስለዚህ አጫሾች አጥሩ ጥግ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ወጥተው እንዲያጨሱ ተፈቅዶላቸዋል። አንድ ቀን እኔም ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብዬ እዚያው ቆምኩ። አለቃችን መጣና «ታጨሳለህ?» አለኝ። «አላጨስም» አልኩት።

«ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሃል? ግባ!»

በማግስቱ በሩ ላይ ካለው ሱቅ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁ። ሳንባዬን የጠበስኩት ጥላ ሥር ለመቆም ብዬ መሆኑ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ዛፉ ሥር የማይጠፉት ሚዛን ላይ የሚሠሩት ጋሼ ነበሩ። «አካም፣ አንተ ልጅ!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉኝ ጠጋ ይሉልኛል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው የለም። ማጨስ የጀመሩትም በስተርጅና ነው፤ ጨዋታ ያለው አጫሾች ዘንድ መሆኑን አይተው። ሲጋራው ራሱ አይጥማቸውም፤ በሳቡ ቁጥር ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

በኋላ ሳል ያዛቸው። ሐኪሙ «ካላቆሙ ሳንባዎ አይቆይም» አላቸው። ከረሜላ ሞከሩ፣ ማስቲካ ሞከሩ፣ የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ግን ሁሉም ይከሽፋል። ሐኪሙ በቀን ስንት እንደሚያጨሱ ጠየቃቸው እንጂ ለምን እንደሚያጨሱ አልጠየቃቸውም። ማስቲካ ደግሞ አያወራም።

«ጋሼ፣ አንለኩሰው፤ ዝም ብለን ይዘነው እንጫወት» አልኳቸው። ሳቁና ተስማሙ። ያችው አንዲት ሲጋራ ወረቀቷ እስኪጠቁር ከኪስ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ኪስ ትመላለስ ጀመር።

ችግሩ የአገሬ ሰው ደግነት ነው። ያልተለኮሰ ሲጋራ የያዘ ሽማግሌ አይቶ ማን ዝም ይላል? ዘበኛው ከበር ድረስ ሮጦ መጣና ነፋሱን በመዳፉ ከልሎ ላይተሩን ዘረጋላቸው።

«ተወው ልጄ» አሉት።

«ኧረ በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ተለኮሰላቸው። እኔም ዘበኛውን ለብቻው ወስጄ ስለ ሳንባቸው ነገርኩት። አለቃችንም አንድ ቀን ዓይኑን አፍጥጦ «ለምን አትለኩሱም?» አለን። «ነፋሱ አስቸገረን» አልኩት። አዳማ ውስጥ በነፋስ ያላመካኘ የለምና አምኖኝ ሄደ። የጋሼም ሳል እየቀለለ መጣ፤ ከልቤ ደስ አለኝ።

ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ባቱ ሲገቡ ልማዳችን በስልክ ቀጠለ። በእረፍት ሰዓት ይደውላሉ።

«ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«ይዣለሁ።»

ከዚያ ስለ ሐይቁ ዓሣ፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ጎረቤቱ እናወራለን። በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ያልተለኮሰች ሲጋራ ይዤ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሠራተኛ ሁሉ አብዷል ብሏል።

በቅርቡ ስልኬ ተበላሽቶ ጥገና ቤት ሰነበተ። እንደተመለሰልኝ ደወልኩላቸው። ሰላምታ እየተለዋወጥን ከወዲያ በኩል ጭረት ሰማሁ፤ የክብሪት ጭረት።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጋሪ ነው፤ በደጅ እያለፈ ነው» አሉኝ፤ ወዲያው ሳል አፈናቸው።

«ጋሪ ይስላል እንዴ?»

 ሳሉ ሲለቃቸው ቀስ ብለው፣ «እዚህ እኮ አጫሾቹ ናቸው የሚያወሩት» አሉኝ።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ሲጋራ ለማቆም» አልኩት።

«ባቱ ድረስ ሄደህ?»

«አዎ፤ ባቱ ድረስ።»