የጋሽ ሙሳ የመጀመሪያ ምርጫ

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጄ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እሱን አላውቀውም፤ አንፍሬንድ አድርጌዋለሁ» አለኝ። «እሱ» የተባለው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብሮት ያደገ ጓደኛው ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ለየትኛው ፓርቲ እንደሚመርጥ ነገረኝ። ሌላ ጥፋት አልነበረበትም። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ መቆጣት ስለሚደክመኝ ሽሮውን ገፋ አደረግኩለት፤ ሐሳቤ ግን ያደግኩበት የስደተኞች ሰፈር፣ ሬክስዴል ገብቶ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከጎረቤት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ፣ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካው ምንም የማይቀረው ነበር። ከግድግዳው ወዲህ እኛ፣ ከግድግዳው ወዲያ ጋሽ ሙሳ። ጋሽ ሙሳ የወሎ ሰው፣ ታክሲ ነጂ፣ ሰላታቸውን የማያዛንፉ ሙስሊም ነበሩ። አባቴ ደግሞ ኤርፖርት አጠገብ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሥጋ አብረው አይብሉ እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር፤ የበረዶ አካፋው ሳይቀር።

የእኛ ሰው በዚያ ሰፈር እንዴት እንደሚመርጥ ማወቅ ለፈለገ ሰው አንድ ጥያቄ ይበቃው ነበር፦ «በማን ጊዜ ገባህ?» የመኖሪያ ወረቀት ስታገኝ ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ውለታ ውሎልሃል፤ ድምፅህም የእሱ ነው። ጋሽ ሙሳ ገና ዜግነት ሳያገኙ ጀምሮ በዚህ የጸኑ ነበሩ። «ያጎረሰ እጅ አይነከስም» ይላሉ። አባቴ ግን ታክሱ በዛ ባይ ነበርና ለሌላው ነው። «ያጎረሱህ እኮ ከእኔ ላይ ቆርሰው ነው!» ይላቸውና ሁለቱም ይስቃሉ። ያንን ሳቅ እወደው ነበር። አገር ቤት በፖለቲካ ምክንያት ወንድም ከወንድሙ መቆራረጡን ከትልልቆቹ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

በዚያ ዓመት ጋሽ ሙሳ ዜጋ ሆኑ። አገራቸው ሳሉ የመረጡት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ ስለነበረ፣ ይሄኛውን «የመጀመሪያዬ» ነበር የሚሉት። ኮታቸውን አሳጥበው፣ አስተኩሰው ሲጠብቁ፣ የምርጫው ቀን ሲቃረብ በዝናብ የራሰ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና እግራቸው በጀሶ ታሰረ።

ዕለቱ ደረሰ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ያለቅሳል፤ የሜፕል ቅጠል መንገዱ ላይ ተለጥፎ ጣፋጭ የብስባሽ ሽታ ይሸታል። ባለቤታቸው ሥራ ናቸው። አባቴ ከሺፍቱ እንደገባ ልንወስዳቸው ሄድን።

«ዘንድሮ ይቅርብኝ ታደሰ» አሉ ጋሽ ሙሳ ከሶፋው ሳይነሱ። «እግሬ ጠዝጥዞኛል።»

ኮታቸውን ግን ለብሰው ነበር። አባቴ ጠቀሰኝና በረንዳው ላይ ወጣን።

«እግሩ አይደለም» አለኝ። «ይሉኝታ ነው። በገዛ ቤንዚኔ የራሴን ሰው እንዳስመታ ማድረጉ ከብዶት ነው።»

«አባዬ፣ እውነታቸውን እኮ ነው። ለእነዚያ ነው የሚመርጡት። ዘንድሮ ደግሞ ሁለቱ ፓርቲዎች ተናንቀዋል ይባላል።»

«እሱ ከቀረ የእኔ ድምፅ ሁለት ሆነ ማለት ነው» አለ አባቴ። «እኔ ደግሞ አንድ ሰው ነኝ።»

ተመልሶ ገባ። «ተነስ ሙሳ፣ ትከሻዬን ያዝ።»

«ለማን እንደምመርጥ ታውቃለህ» አሉ ጋሽ ሙሳ።

«አውቃለሁ። ተሳስተሃል። ተነስ።»

ድምፅ የሚሰጥበት የትምህርት ቤት ጂም የረጠበ ካፖርትና የጎማ ወለል ይሸት ነበር። አባቴ ጋሽ ሙሳን ደግፎ እስከ ካርቶኑ መከለያ ድረስ አደረሳቸውና ጀርባውን ሰጥቶ የቅርጫት ኳሱን መረብ ያይ ጀመር። ጋሽ ሙሳ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «እርሳስ ብቻ እኮ ነው የሰጡኝ» አሉ፣ በእርሳስ ይህን ያህል ነገር መደረጉ ገርሟቸው። ስንመለስ በመስኮት በሚሸጡበት ቤት በኩል አልፈን ትኩስ ዶናት በላን፤ የመኪናው መስተዋት በትንፋሻችን ጉም ለበሰ።

የአባቴ ሰው ተሸነፈ። ጋሽ ሙሳ በማግስቱ በምርኩዝ መጥተው፣ «አይዞህ፣ ቀጣዩን እኔ እወስድሃለሁ» አሉት። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ከዚያ ወዲህ በየምርጫው አንዴ በእሱ፣ አንዴ በእሳቸው መኪና ሄዱ። ከምርጫ በኋላ ቴሌቪዥኑ ሰፈራችንን በአሸናፊው ፓርቲ ቀለም ብቻ ቀብቶ ባሳየ ቁጥር እኔ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አባቴ ካረፈ ሁለት ክረምት ሆነው። ባለፈው ምርጫ ጋሽ ሙሳን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ናፍቆቱ አሸነፈኝና፣ «ጋሽ ሙሳ፣ ዘንድሮ እንኳ ለአባዬ መታሰቢያ ብለው ለእሱ ፓርቲ አይመርጡለትም?» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«አንቺ ልጅ! አባትሽ ተሸክሞ ያስገባኝ የራሴን እንድመርጥ ነው። ዛሬ የእሱን ብመርጥ ነገ ስንገናኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

እንባዬ መንገዱን ጋረደብኝና መኪናውን ጥግ አስያዝኩ። በአባቴ እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ አላውቅም።