የቤንዚን ቱቦዎቹ የተቀየሩበት ቅዳሜ

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስቋም ወደሚገኘው ቤታችን ስመለስ፣ አባቴ የአሮጌዋን መኪናችን የቤንዚን ቱቦዎች ሊቀይር ኮፈኑን ከፍቶ ነበር። አጠገቡ ታናሽ እህቴ ቆማለች። የለበሰችው የእኔን ቱታ ነው። ድሮ ከአባቴ ጋር መኪናዋን የምሠራው እኔ ነበርኩ።

"ላግዛችሁ?" አልኩ።

"ተው ልጄ፣ ልብስህ ይቆሽሻል" አለና እንደ እንግዳ በርጩማ አቀረበልኝ።

"አዎ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰው ቁጭ ይበል!" ብላ እህቴ ሳቀች።

ቁጭ ብዬ አየኋት። አዲሱ ቱቦ ከብረት ጋር እየተፋተገ እንዳይበሳ፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የቆረጠችውን ላስቲክ ጠቀለለችበትና ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ይህን ዘዴ አባቴ ለእኔ አሳይቶኝ አያውቅም። "የኔ ጎበዝ!" ሲላት ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

ሞተሩ ሲነሳ አባቴ ጠራኝ። "እስኪ ጎንበስ ብለህ አሽትት፤ ቤንዚን ይሸታል?"

ጎንበስ አልኩ። ትንሽ እንኳ ቢሸት፣ ቱታውን አውልቃ ለእኔ እንድትሰጠኝ የሚነግራት መሰለኝ። ደጋግሜ አሸተትኩ፤ የሸተተኝ የጋለ ብረት ብቻ ነው። ሁለቱም መልሴን ይጠብቃሉ።

"ምንም አይሸትም" አልኩ።

በቅባት የጠቆረ እጃቸውን ሊታጠቡ እየተሳሳቁ አብረው ወደ ቧንቧው ሄዱ።